ቅንድብ በመዝገብ አይጻፍም

— ሄሎ… አዎ፣ የመምህር ኮንራዶ ቤት ነው። … ራሴ ነኝ። … ሜዲንግ? ድምፅሽ ከዳቫዎ ሳይሆን ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል፤ እስቲ ጮክ በይ። … አሁን ሰማሁሽ።

— ደህና ነኝ። ፌሊሳም ደህና ናት። … የምን ጩኸት? … መዶሻ ነው። … ቤቴን ማንም አላፈረሰውም። ለታላቅ ወንድምሽ ስትደውዪ መጀመሪያ ሰላምታ ትሰጪዋለሽ፣ ከዚያ ትጠይቂዋለሽ፤ እንዲህ ነበር ያሳደግንሽ። … እሺ፣ ሰላምታሽን ተቀብያለሁ።

— ዛሬ ነበር፣ አዎ። ከፍርድ ቤት ተመልሼ ምሳ በልተናል። … ቆይ፣ በቅደም ተከተል ልንገርሽ። መጨረሻውን አስቀድሜ ብነግርሽ ስልኩን ትዘጊብኛለሽ፤ ዐውቅሻለሁ።

— … ያለ ጠበቃ፣ አዎ። ስንት ጊዜ ትጠይቂኛለሽ? ከተማችን ውስጥ ያሉት ጠበቆች ሁለት ናቸው። አንዱ ለጎረቤቴ ለቴባን የቆመው ነው፤ ሌላው የቴባን ልጅ የክርስትና አባት። ወደ ማን እንድሄድ ነበር የፈለግሽው? … ለቀበሌውማ አመልክቼ ነበር። የቀበሌው ሹም ከቴባን ጋር አብሮ አውራ ዶሮ የሚያዋጋ ሰው ነው። ቴባን ወደ መንገድ የምንወጣበትን መተላለፊያ በግንብ የዘጋብን ለዶሮዎቹ ሲል መሆኑን አትርሺ፤ አላፊ አግዳሚ ያስደነግጥብኛል ብሎ።

— … ሕጉማ ይፈቅዳል፤ ሰው ራሱ ቆሞ ስለ ራሱ መከራከር ይችላል። ከባዱ ነገር መናገሩ አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ግብረ ገብ ሲያስተምር የኖረ ሰው ንግግር አይቸግረውም። የቸገረኝ ዝም ማለቱ ነው።

— እንዴት መሰለሽ… የእኔ ጉዳይ ከመታየቱ በፊት በየሰኞው እየሄድሁ ከኋላው አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። ምሳዬን በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ የሌላውን ሰው ክርክር አዳምጣለሁ። የፍየል ስርቆት፣ የድንበር ጠብ፣ በሌላ ጀልባ የተመታ ጀልባ… ዘበኛው ሥራ ፈት ጡረተኛ መስዬው አዘነልኝ መሰለኝ፣ ማራገቢያው አጠገብ ያለውን ቦታ ይይዝልኝ ጀመር። … ተማርሁ እንጂ። መልሱን የማታውቂውን ጥያቄ ለምስክር አታቀርቢም። በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቂው። መልሱን ካገኘሽ ደግሞ መቀመጥ አለ፤ ይህችኛዋን ፌሊሳ ናት በግድ ያስገባችልኝ።

— ቤት ውስጥ ስንለማመድማ ዳኛዋ እሷ ነበረች። የሩዝ ጭልፋዋን ይዛ ጠረጴዛውን ትደበድባለች። እኔ ገና «ክብርት ዳኛ፣ የሰው ልጅ ጎረቤቱን ሲበድል…» ብዬ ስጀምር፣ «መምህር፣ ይህ ስብከት ነው ወይስ ጥያቄ?» ትለኛለች። … ሳቂ፣ ሳቂ። በትዳራችን ዘመን እንዲህ በነፃነት አቋርጣኝ አታውቅም፤ በጣም ተመችቷት ነበር።

— ደግሞ ቅንድቤን ከለከለችኝ። … ቅንድቤን። «ተስማምተዋል?» ስትለኝ እንደማንኛውም ሰው ቅንድቤን አነሣለሁ። አንቺስ አዎ ለማለት ምን ታደርጊያለሽ? … እኮ። ጭልፋዋ ጠረጴዛው ላይ ታርፋለች፤ «አፍ አውጥተው ይናገሩ። ጸሐፊዋ ቅንድብ አትጽፍም።»

— … እውነቷን ነበር። ግን ቅንድቤን ስጠብቅ ከንፈሬ አመለጠኝ። በመጀመሪያው ችሎት ዳኛዋ የቦታውን ሥዕል ዘርግታ የተዘጋው መተላለፊያ የቱ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁለቱም እጆቼ ወረቀት ይዘዋል፤ በከንፈሬ ጠቆምኋት። … አዎ፣ እንደዚያ አሞጥሙጬ። የጸሐፊዋ ጣቶች አየር ላይ ቀሩ። ዳኛዋ መነጽሯን አውርዳ፣ «መምህር፣ ተከራካሪው ዳኛዋን ሊስሙ ቃጡ ተብሎ እንዳይጻፍብዎት» አለችኝ።

— … ሄሎ? … ሳቅሽን ስትጨርሺ ንገሪኝ።

— አንቺ ትስቂያለሽ፤ እኔ ያን ዕለት አልሳቅሁም። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው የቴባን ጠበቃ ነበር። በክፍሌ ውስጥ ማንም ያለ ፈቃድ ስቆ የማያውቅ ሰው፣ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ሳቀብኝ። ቤት ገብቼ ለፌሊሳ በቃኝ፣ ተመልሼ አልሄድም አልኋት። … ምን ትላለች? መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ግንቡን ታያለች። በዚያ ጉልበቷ የሩዝ ማሳውን ቀጭን የአፈር ግድብ ተሻግራ መውጣት አትችልም፤ ግንቡ ከቆመ ወዲህ ቅዳሴም መዘምራኑም ቀርተውባታል። እሁድ እሁድ መዝሙሩ በነፋስ ሲመጣ እዚሁ መስኮት ላይ ሆና የራሷን ድርሻ ትዘምራለች። ይህን አልነገርሁሽም ነበር። … ይኸው ነገርሁሽ። እና «ነገ ጭልፋውን ላውጣ?» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።

— በማግስቱ ወደ ልምምዳችን፣ በሰኞውም ወደ ኋላው ወንበሬ ተመለስሁ ማለት ነው… ይቅርታ ሜዲንግ፣ አንድ ጊዜ… ቴባን፣ ያንን ብሎኬት ወደ አበቦቹ አትወርውረው። … በስተግራ። በስተግራ አልሁህ፣ ልጄ።

— … ራሱ ቴባን ነው። … በቅደም ተከተል ብዬሻለሁ እኮ። ትሰሚኛለሽ? … እሺ።

— ዛሬ ጠዋት ምስክር ሆኖ ቀረበ። መጀመሪያ ጠበቃው አሳምሮ ጠየቀው፤ መተላለፊያው በአባቱ ቸርነት ብቻ ይታለፍበት እንደነበር፣ ለእኛ የተገባ አንዳች ቃል እንደሌለ አስነገረው። … ቃልማ ነበረ። አንቺ ያኔ ማኒላ ትማሪ ነበር። ከማዕበሉ በኋላ የቴባን አባት ኢስኮ መንገድ ዳር የኮኮናት ማድረቂያ መሥራት ፈለገ፤ ቤትህን ወደ ውስጥ አግባና ቦታ እንለዋወጥ አለኝ። መንደሩ ተጠራ፤ ከወለሉ ሥር ቀርከሃ ተሰካ፤ ጎረቤት ሁሉ ትከሻውን ሰጥቶ ቤቱን ከነጣሪያው አንሥቶ እዚህ አስቀመጠው። ፌሊሳ ድስቷን ከምድጃ ሳታወርድ። … አዎ፣ የማነጋግርሽ ከዚያው ቤት ሆኜ ነው።

— ተራዬ ደርሶ ተነሣሁ። ጠበቃው ከወዲሁ ፈገግ ብሏል፤ ከንፈሬን እየጠበቀ። «ቴባን» አልሁት። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? … ብድግ ብሎ ቆመ። ከምስክር ወንበሩ ላይ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ። አራተኛ ክፍል ያስተማርሁት ልጅ ነው እኮ። ዳኛዋ ይቀመጡ አለችው፤ ተቀመጠ። ቀጥዬ ስጠይቀው ደግሞ ተነሣ። በመጨረሻ ዳኛዋም ተወችው።

— አንድ ጥያቄ በአንድ ጊዜ፣ እንደ ተማርሁት። ቤቱ በትከሻ ሲመጣ ነበርህ ወይ? ነበርሁ አለ። ምን ታደርግ ነበር? የፌሊሳን አውራ ዶሮ ታቅፌ ከፊት ከፊት እሄድ ነበር አለ። … እኔም ይህ የዶሮ ፍቅር ያን ቀን ነው የጀመረው ብዬ አሰብሁ፤ ግን አልተናገርሁትም። ለተሸካሚዎቹ የሩዝ ገንፎ ሲቀርብ አባትህ ቆሞ ተናግሯል ወይ? ተናግሯል አለ። እዚህ ላይ ስብከቱ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፣ ሜዲንግ። ስለ አባት ቃል የምለው ብዙ ነበረኝ። ዋጥሁት። «አባትህ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ይህ መተላለፊያ አይዘጋባችሁም ብሎ ቃል ገብቷል?» አልሁና ዝም አልሁ።

— … ጠበቃውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ቅንድቦቹ ተነሡ። … ሁለቱም።

— ጠበቃው ፈጥኖ ምስክሩ መልስ የለውምና ይታለፍ አለ። ጸሐፊዋ እንደ ልማዷ ጣቶቿን አየር ላይ ሰቅላለች። እኔም፣ «ክብርት ዳኛ፣ የምስክሩ ቅንድቦች መነሣታቸው በመዝገብ ይስፈርልኝ» አልሁ። … ከየት አመጣኸው? ከኋላው ወንበር ነዋ። አንዲት ምስክር ጠባሳዋን በዝምታ ስታሳይ፣ አንድ ጠበቃ እንዲያ ብሎ ሲያስጽፍ ሰምቻለሁ።

— … ተቃወመ እንጂ፣ ዝም ይላል? የፊት እንቅስቃሴ መልስ እንደማይሆን፣ ቅንድብ አንድ የታወቀ ትርጉም እንደሌለው አንቀጽ እየጠቀሰ ረጅም ጊዜ ተናገረ። አነጋገሩ ያማረ ነበር፤ አልዋሽም። ዳኛዋ በትዕግሥት አዳመጠችው። ሲያበቃ፣ «ጠበቃ፣ ተቃውሞዎን ጨርሰዋል?» አለችው።

— ምን ይላል ብለሽ ነው? … ቅንድቡን አነሣ።

— ሄሎ… ሜዲንግ? ትሰሚኛለሽ? … ባልሽ ምን ሆናችሁ ይላል? ንገሪውና ተመለሺ፣ እጠብቃለሁ።

— … አዳራሹ እንደዚያው ሆነ። ዳኛዋ ብቻ አልሳቀችም፤ ወደ ጸሐፊዋ ዞራ «የሁለቱም ይጻፍ፤ አዎ» አለች። … እኔ? ሳቅሁ። በችሎት፣ አዎ፣ ያለ ፈቃድ። ከዚያ ዳኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቴባን እንደ ሰው በአፉ እንዲመልስ ጠየቀችው። ቆሞ ነበር። «አዎ፣ መምህር» አለ። ዳኛዋ ፊት ሆኖ ለእኔ መለሰ። እኔም ተቀመጥሁ።

— … የለም፣ ወደ ፍርድ አልደረስንም። ዳኛዋ ትስማማላችሁ ወይ አለች፤ ቴባን እኔው በእጄ አፈርሰዋለሁ አለ። ስምምነቱ እንደ ፍርድ ተጽፎ ፈረምን፤ መተላለፊያው ከእንግዲህ በማንም አይዘጋም። እንግዲህ መጨረሻው ይኸው ነው፤ ከመጀመሪያ ጀምሮ የምትሰሚው መዶሻ የእሱ ነው።

— … ዶሮዎቹ ወደ ጓሮ ይዛወራሉ። አሁንማ ከማንም ይልቅ እሱ ነው ያስደነገጣቸው፤ አንዱ ጣሪያዬ ላይ ወጥቷል። … ውኃ ፌሊሳ ናት ያቀበለችው፣ ሁለት ጊዜ። … ልገሥጸው ጀምሬ ነበር እኮ። ስለ አባት ቃል ያችን የዋጥኋትን ልነግረው አፌን ስከፍት፣ ፌሊሳ በመስኮት ጭልፋዋን አሳየችኝ።

— ቆይ… አልተቋረጠም፣ አለሁ። መዶሻው ስለ ቆመ ነው። … ፌሊሳ? … ሜዲንግ፣ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳለች። … ዛሬ መዘምራኑ የሚለማመዱበት ቀን ነው። ከመቼው ለበሰችው? … ቴባን ክንዷን ይዞ ፍርስራሹን እያሻገራት ነው። … አሁን ለቀቀችው። … ብቻዋን፣ አዎ። ቀስ ብላ… መንገዱ ዳር ደረሰች።

— ቆማለች። ዞራ ወደዚህ ታያለች። … እስቲ ልጥራት። ፌሊሳ! አብሬሽ ልምጣ?

— … በአፏ ምንም አላለችም። … ምንም አላለችም አልሁሽ። … ከዚህ ሆኜ አያለሁ እንጂ፤ ያን ቅንድብ ለማየት መነጽር አያስፈልገኝም። … አዎ። በመዝገብ ይስፈርልኝ፣ እህቴ። ጫማዬን የት ነው ያደረግሁት… ዘጋሁ።