ያልተለጠፈው ማስታወቂያ

ማስታወቂያ ማለት አንድ ሰው የሚያውቀውን ነገር ሌሎችም እንዲያውቁት ጽፎ ግድግዳ ላይ የሚለጥፈው ወረቀት ነው። ቃሊቲ ባለው የትያትር አዳራሻችን ግን የለጠፈው ሰው ጥፋተኛም ይሆናል። የመብራትና የመድረክ ሠራተኞቻችን ቋሚ የቅጥር ደብዳቤ ካልተሰጠን ብለው እሁድ ጠዋት ሥራ አቆሙ። "ዛሬ ትያትር የለም" የሚል ወረቀት ይለጠፍ ስንል ሥራ አስኪያጁ "ያቆምኩት እኔ ነኝ እንዴ? እነሱ ይለጥፉ!" አሉ። የሠራተኞቹ ተወካይ ደግሞ "አሃ፣ በገዛ እጃችን ፈርመን ልንከሰስ? ደብዳቤ የከለከለን ይለጥፍ!" አለ። የአዳራሹ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ማኅተሙም እኔ ጋ ነው። ምሳ ልበላ ወጣሁ።

ስመለስ አንድ ከረባት ያሰሩ ሽማግሌ በር ላይ ቆመዋል። የአንዷ ተዋናያችን አባት ናቸው። ትወና ሥራ አይደለም ብለው ሁለት ዓመት ካኮረፏት በኋላ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ሊያዩዋት ከገላን ኮንዶሚኒየም መምጣታቸው ነው። "ጀመረ እንዴ፣ ልጄ?" አሉኝ። የለም ማለት ነበረብኝ። "ይግቡ አባባ፣ ይቀመጡ" አልኳቸው። ከተዘጋው መጋረጃ ፊት ለፊት ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። በመጨረሻ ልጅቷ ራሷ የመድረክ ልብሷን እንደለበሰች መጥታ "አባዬ፣ ዛሬ አንሠራም፤ ሠራተኞቹ አድማ ላይ ናቸው" አለቻቸው። ቀስ ብለው ተነሱና "የለም ብሎ የሚናገር አንድ ሰው የጠፋበትን ቤት ነው ሥራዬ የምትይኝ?" አሏት። አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ማክሰኞ ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። በሚቀጥለው እሁድ ትያትሩ ታየ፤ አዳራሹም ሞላ። አባትየው አልመጡም።