ሰባ አንድ ፐርሰንት

ከወናጎ ወደ ዲላ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጠች መምህርት ላፕቶፗን እንደከፈተች ጭኗ ላይ ይዛዋለች። አጠገቧ ያለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስክሪኑን አየት አደረገና ጠየቃት።

«እህቴ፣ አፕዴት ላይ ነው እንዴ?»

«መብራት ሲሄድብን ባትሪው እንዳያልቅ ልዝጋው ብዬ ነካሁት፤ ጭራሽ አፕዴት ጀመረልህ! ‹ኮምፒውተሩን አታጥፉ› ይላል።»

«ባትሪው ስንት ነበር?»

«ሃያም አልሞላ።»

«ኧረ! መሃል ላይ ካለቀ እኮ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።»

«አትበለኝ ወንድሜ! የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ውጤት በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው። ዛሬ አስረክቡ ተብለናል።»

«ፍላሽ ላይ አልያዝሽውም?»

«ፍላሹንማ ፎቶ ኮፒ ቤት ሰጥቼው ቫይረስ በላው።»

«አሁን ስንት ደረሰ?»

«ሰባ አንድ። ከተነሳን ጀምሮ ሰባ አንድ ነው።»

«ክዳኑን እንዳትዘጊው። የወንድሜ ጸጉር ቤት መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ እንደወረድን እዚያ እንሰካዋለን።»

«ዲላ መብራት አለ?»

«ጠዋት ነበር።»

ከኋላ አንዲት እናት «ልጆቼ፣ እንጸልይ እንዴ?» አሉ።

«ለኮምፒውተር፣ እማማ?»

«ለልጆቹ ነው እንጂ!»

ተማሪው ወደ ሹፌሩ ዞረ።

«ሹፌር፣ በየቦታው አትቁምብን በናትህ!»

«ወራጅ ካለ እቆማለሁ፤ ምን ላድርግ ታዲያ?»

የእኔ መውረጃ ጪጩ ነበር፤ ገበያው በመስኮት ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» አላልኩም።