መሃይም የጠፋበት ቀበሌ

(ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ፣ የጎልማሶች መማሪያ ዳስ ውስጥ፤ አስተማሪው ጋሽ አንዳርጌና ከከተማ ለጥናት የመጣችው ውባለም ሰሌዳው ሥር ተፋጠዋል።)

ጋሽ አንዳርጌ፦ ፈተና? ለምን ሲባል! አንበሳ ሥጋ ይወድ እንደሆነ ይፈተናል?

ውባለም፦ ሁሉንም አይደለም፣ ጋሼ። ዕጣ አውጥቼ ጥቂቶቹን አስነብባለሁ። ናሙና ይባላል።

ጋሽ አንዳርጌ፦ ዕጣ ለዕቁብ ነው፣ እቴ። ደህና ደህናዎቹን እኔ መርጬ ልስጥሽ።

ውባለም፦ እርስዎ ከመረጡማ ጥናቱ የእርስዎ እንጂ የኔ አይደለም።

ጋሽ አንዳርጌ፦ እንግዲያው ምን አደከመሽ፤ እዚህ ቀበሌ የማያነብ የለም ብለሽ ጻፊ። አህዮቻችን ሳይቀሩ ጆንያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳያነቡ አይጫኑም።

ውባለም፦ ሁሉም ያነባል?

ጋሽ አንዳርጌ፦ ከነአማቴ! ዓይናቸው ከጠፋ ስንት ዘመናቸው፤ ግን ያነባሉ።

ውባለም፦ ተመስገን። ጻፍኩት። ሰሌዳውንና ወንበሮቹን ሰኞ መኪና መጥቶ ይወስዳቸዋል።

ጋሽ አንዳርጌ፦ ወዴት?

ውባለም፦ ወንዝ ማዶ ላሉት። መመሪያ ነው፤ መሃይም ያለቀበት ጣቢያ ይዘጋል።

ጋሽ አንዳርጌ፦ እንዴት ይዘጋል? እነ እትዬ ዘርትሁን ገና «መ» ላይ ናቸው!

ውባለም፦ ሁሉም ያነባል አላሉኝም?

ጋሽ አንዳርጌ፦ እስከ «መ» ድረስማ ማን ይችላቸዋል!

ውባለም፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ጋሼ።

ጋሽ አንዳርጌ፦ አፌ ነዋ! ጫጩት ካየ ሰጎን ነው የሚለው። ስሚኝ፤ እትዬ ዘርትሁን የሚማሩት የመሬት ደብተራቸውን ራሳቸው ሊያነቡ ነው። የባላቸው ወንድም ባነበበላቸው ቁጥር ማሳቸው ይጠባል።

ውባለም፦ ያሳዝናል። ግን ጥናት በማስረጃ እንጂ በኀዘን አይጻፍም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ጋሽ አንዳርጌ፦ አውጪያ፣ ዕጣሽን አውጪ! ናሙና ውሰጂ!

ውባለም፦ ከማን? ተማሪዎችዎ ገበያ ናቸው፤ ወደ ከተማ የሚመልሰኝ ሹፌር ደግሞ ይኸው ጥሩምባውን እየነፋ ነው። ማንበብ የማይችል አንድ ሰው አሁን ባገኝ እሰርዘው ነበር።

ጋሽ አንዳርጌ፦ አንድ ሰው ብቻ?

ውባለም፦ አንድ። ግን ዳሱ ውስጥ ያለነው እኔና እርስዎ ነን። እኔ አነባለሁ።

ጋሽ አንዳርጌ፦ ...እንግዲያው ጻፊ። እንደኔ ያለ መሃይም በሰባቱ ወረዳ ቢፈለግ አይገኝም።

ውባለም፦ መምህሩ?

ጋሽ አንዳርጌ፦ ፊደል ከቆጠርኩ ሞቼ ልገኝ!

ውባለም፦ መልካም። እዚህ ጋ ስምዎን ይጻፉና ይፈርሙልኝ።

ጋሽ አንዳርጌ፦ ስሜን? በምን ዕውቀቴ፣ እቴ? ቀለሙን ወዲህ በይው፤ አውራ ጣቴን ልንከር።