አራት መቶ አሥራ ሁለት ካሴት በሃምሳ ደቂቃ

ደህና አደርሽ፣ እታለም? ጉንፋኑ ተሻለሽ? ይቺ ወንበር ዛሬም አንድ እግሯን እንዳነሳች ናት… ግድ የለም፣ አሥራ አንድ ቀን ተቀምጬባት ወገቤ ለምዷታል። በሩን አትዝጊው፣ የካሴቶችሽ አቧራ ይውጣ። አዳራሹ ውስጥ መጽሐፍ ለሚፈርሙት ሰው እንደሆነ የእኛ ወሬ አይደርሳቸውም። ብዙ ነገር ሳይደርሳቸው ነው እዚህ የደረሱት።

ሰልፉ ረጅም ነው? ይገባቸዋል! የቴሌቪዥን ጣቢያችንን ታሪክ በአንድ ጥራዝ… ስድስት መቶ ገጽ! እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት ዜና ስጽፍ ኖሬ፣ «ሳላረጋግጥ አልጽፍም» እያልኩ፣ ይኸው አንድ ቀጭን መጽሐፍ እንኳ አልወጣኝም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የእኔ እንቁላል ገና ተቀምጦ ሲያስብ የእሳቸው አውራ ዶሮ ሆኖ ጮኸ።

ሞኝነቴን ተመልከቺ እንግዲህ። ካሴት ማየት ማለት ማጫወቻው ውስጥ ከትቶ እስከ መጨረሻው መቀመጥ ይመስለኝ ነበር። በአሥራ አንድ ቀን ዘጠኝ ካሴት! ያውም አንድ ጆሮው በማይሠራ ማዳመጫ፣ ማሽኑ ጥብጣቡን በጎረሰ ቁጥር በጣቴ ከጉሮሮው እያወጣሁ። የእሳቸውን ጉብኝት ከመዝገብሽ ላይ አየሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የሙያ በሽታ ነው። ከአራት ሰዓት እስከ አራት ከሃምሳ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ካሴት በሃምሳ ደቂቃ! እንዲህ ያለ ዓይን ለስንቱ ይሰጣል?

ደግሞ ጨዋነታቸው! አንድም ካሴት ከካርቶኑ አላወጡም አላልሽኝም? ሌላው ቢሆን ይበረብር ነበር፣ በጣቱ ያቆሽሽ ነበር። እሳቸው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቀድተው፣ አመስግነው፣ ወጡ።

ገጽ አርባ አንድን አንብበሽዋል? «የመጀመሪያው ቀን ስርጭት» የሚለውን ካሴት እንዴት እንዳዩት… የአስተዋዋቂዋ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ጠረጴዛው ላይ አበባ፣ «ዓይኔ እንባ አቅርሮ እስከ መጨረሻው ተመለከትኩ» ይላሉ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይሉ ነበር። ያላዩት ካሴት ግን ያስለቅሳል ማለት ነው።

እኔም ትናንት አየሁት። እኔም አለቀስኩ። ምን እንዳለበት ታውቂያለሽ? የሠራተኞች የጠረጴዛ ቴኒስ ግጥሚያ! ያን ጊዜ አዲስ ካሴት ሲያጥር በአሮጌው ላይ ደርበን እንቀዳ ነበር፤ ካርቶኑን ግን ማን ይቀይረዋል? አንድ ጀማሪ ጋዜጠኛ ከመደርደሪያው አንዱን መዝዞ፣ ጽሑፉን እንኳ ሳያነብ፣ የራሱን ግጥሚያ ቀዳበት። ቁምጣው ሰፊ፣ ቅልጥሙ ቀጭን፣ ሃያ አንድ ለአራት የተሸነፈ… አዎ፣ እታለም፣ እኔው ነኝ። የጣቢያውን ልደት ደምስሼ ሽንፈቴን ለትውልድ ያቆየሁ ባለ ታሪክ! ወጣቶቹን «መረጃ፣ መረጃ» እያልኩ ሳስጨንቅ የኖርኩት ሰውዬ! እሳቸው ሳያዩ ጻፉ፣ እኔ ሳላነብ አጠፋሁ። ሰው ለማማት ምን አፍ አለኝ?

የእኔ ጥፋት ግን አንድ ካሴት ነው። እሳቸው እኮ ለሁሉም አስበዋል። የካሴቶቹን ዕጣ ለሚወስነው ኮሚቴ የጻፉት ደብዳቤ እንዴት ያለ ነው! «ሁሉንም አንድ በአንድ ተመልክቼ ጠቃሚውን አውጥቻለሁ፤ ከእንግዲህ ቦታ ከማጣበብ በቀር ፋይዳ የላቸውም።» ለመደርደሪያሽ አዝነው እኮ ነው! መኪናው ዛሬ ከሰዓት መጥቶ ወደ ቆሻሻ ይወስዳቸው የለ? በቀሩት አራት መቶ ሦስት ካርቶኖች ውስጥ ምን እንዳለ እኔ አላውቅም። አንቺም አታውቂም። እሳቸውማ… ጽፈዋላ።

እንቺ፣ ይቺን ወረቀት አሁኑኑ ለኮሚቴው አድርሺልኝ። ሦስት መስመር ናት፦ የገጽ አርባ አንዱን ካሴት ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ማስረጃው እዚያው ውስጥ ያለው ቅልጥሜ ነው፤ ካላመናችሁ አጫውታችሁ እዩ። ካዩ መኪናው ባዶውን ይመለሳል። የእኔ ስም በዚያው ይነሳል፣ ምን ይደረግ? ጡረታ ስወጣ «ለጠንቃቃው ባልደረባችን» ብለው የሸለሙኝን ሰሌዳ መልስ ቢሉኝ እንኳ ግድግዳው ላይ ምስማሩ ይቀርልኛል።

እሳቸውን ግን ማንም ክፉ እንዳይናገርብኝ! ቆይ፣ ብዕራቸው ቆመ መሰል… ወደዚህ እያዩ ነው? እጅ ንሺልኝ። እኔማ ሁሌም እመርቃቸዋለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ስማቸው ከመቃብር በላይ ይዋል። የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፍ ሰው የተነሳ ቀን ደግሞ… አደራ፣ አሜን በይ… ልክ እንደ እሳቸው ያለ ተመራማሪ ይዘዝላቸው።