የአራት ሰው ሙዚቃ

(አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ ፲፱፻፸ ዓ.ም.፤ እሑድ ረፋድ። ታጣቂዎች ሰፈሩን ቤት ለቤት እያሰሱ ነው። ሳክስፎን ተጫዋቹ ልዑልሰገድና ሚስቱ የወይንሸት በራቸውን ዘግተው አንድ ጥቅል የቴፕ ክር ይጓተታሉ።)

የወይንሸት፦ ልቀቀው! ከሰሉ ሳይጠፋ እሳቱ ውስጥ ልጨምረው።

ልዑልሰገድ፦ ቀስ በይ፣ ክሩ ይበጠሳል!

የወይንሸት፦ ከአንገታችን ይልቅ ክሩ ይበጠስ።

ልዑልሰገድ፦ ሽታው ያጋልጠናል።

የወይንሸት፦ በርበሬ እበትንበታለሁ።

ልዑልሰገድ፦ ግጥም የለበት፣ ዘፋኝ የለበት። ሳክስፎን፣ ፒያኖ፣ ቤዝ፣ ድራም፤ አራት ሰው። ምን ተብሎ ይከሰሳል?

የወይንሸት፦ ታዲያ ከማለዳ ጀምሮ መስኮቱን ለምን ዘጋኸው?

ልዑልሰገድ፦ ብርድ ነው።

የወይንሸት፦ በሚያዝያ? ልዑሌ፣ ስትዋሽ ከንፈርህን ትልሳለህ።

ልዑልሰገድ፦ ድምፅሽን ቀንሺ። የእማማ ሸዋረገድን በር እያንኳኩ ነው።

የወይንሸት፦ ሰምቻለሁ። ቀጥሎ እኛ ነን። ንገረኝ!

ልዑልሰገድ፦ ሦስተኛው ሙዚቃ ላይ... ጥላዬ ይናገራል።

የወይንሸት፦ ወንድሜ?

ልዑልሰገድ፦ ፒያኖውን እየመታ ለቤዝ ተጫዋቹ፣ «ነገ እሄዳለሁ፤ የሚደብቀኝ ሰው አግኝቻለሁ» አለው። ከተማውንም የሰውየውንም ስም ጠራ። ማይኩ አጠገቡ ነበር።

የወይንሸት፦ ወይኔ እናቴ! ይኼን ነው ሁለት ወር ሙሉ አልጋችን ሥር ያስቀመጥከው?

ልዑልሰገድ፦ ትናንት ነው ልብ ያልኩት፣ በማርያም! እስከዛሬ የማዳምጠው ራሴን ብቻ ነበር።

የወይንሸት፦ ካፍ የወጣ አፋፍ! ልጁ እዚያ ተደብቆ የተረፈ መስሎታል፤ አንተ እዚህ አድራሻውን ጠቅልለህ ትጠብቃቸዋለህ።

ልዑልሰገድ፦ ያቺን ብቻ ቆርጠን እናውጣት። አንድ ክንድ ብትሆን ነው።

የወይንሸት፦ ቀሪውስ ምን ይሠራልሃል?

ልዑልሰገድ፦ ቀሪው እኔ ነኝ፣ ወይንዬ። ሃያ ዓመት ኦርኬስትራ ውስጥ ከአሥራ ሰባት ሰው ጋር ነፋሁ፤ ማን ለይቶ ሰማኝ? አንድ ቀን በአራት ሆነን ቀረጽን። ሌላ ቅጂ የለውም። ደግሞ እሱ በሚናገርበት ሰዓት ነው በሕይወቴ ነፍቼው የማላውቀውን የነፋሁት።

የወይንሸት፦ መቀሱ ይኸው። ቁረጥ። እኔ በሩን እጠብቃለሁ።

ልዑልሰገድ፦ እሺ።

የወይንሸት፦ ቁረጥ እንጂ! ከእማማ ቤት እየወጡ ነው።

ልዑልሰገድ፦ የት ጋ እንደሚጀምር በዓይን አይታይም። ማጫወቻው ላይ አድርጌ ማዳመጥ አለብኝ።

የወይንሸት፦ አድምጠዋ! ዝቅ አድርገህ።

ልዑልሰገድ፦ አይሆንም። አንዴ ካዳመጥኩት ልሰጥሽ አልችልም። እንኪ፣ እንዳለ እሳቱ ውስጥ ጨምሪው።