ከጭስ ማውጫ የወጣ ሹመት

ሰገል፣ አባዮ፣ ነይ ጥላው ጋ ተቀመጪ። ሙቀቱ ዘንድሮ ምን ነካው? የደቻቱ ወንዝም ትናንት ሞልቶ ስንቱን ሰው ድልድይ ላይ አቁሞት ዋለ። ሩዙ ግን ይጣፍጣል፣ አይደል? ባለ ድግሶቹ እጃቸው ሰፊ ነው… የማይደርስበት የለም።

ሣህሉ? አልመጣም፣ ተረኛ ነው። ፋብሪካው በር ላይ። አዎ፣ በር ላይ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቦይለር ሲያነድ የኖረ ባሌ ጥበቃ ሆነልሽ። ለጤናው ታስቦ ነው አሉ። እንዲህ የሚያስብ አለቃ ያለው ሰው ምን ይጎድለዋል?

ስም አልጠራም፣ ሰው ድግስ ላይ ስም መጥራት ነውር ነው። ብቻ አንድ የተማሩ ሰው አውቃለሁ…

ያ ከሸንኮራ ኤታኖል የሚያወጣው ፋብሪካ እንፋሎቱን የሚያገኘው ከቦይለሩ ነው። የሚነደው ደግሞ ጭማቂው የወጣለት አገዳ ነው። እርጥብ ስለሆነ ይጨሳል እንጂ አይነድም፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ነዳጅ የጫነ ቦቴ ይመጣ ነበር። ሣህሉ አንድ ቀን "ማዘንጊያ፣ ያ ሁሉ ትኩስ ጭስ ዝም ብሎ ሰማይ ይወጣል። መልሰን አገዳውን ብናደርቅበትስ?" አለኝ። ሁለት ዓመት ደብተር ላይ ሲስል ከረመ። ከላሜራ ቁርጥራጭ ቱቦ ሠርቶ ሲሞክር ክንዱ እስከ ክርኑ ተቃጠለ፤ ቅባት የቀባሁት እኔ ነኝ። ግን ሠራለት! አገዳው ደረቀ፣ እሳቱ በረታ፣ ቦቴውም ቀረ።

ይሄኔ እኚያ የተማሩ ሰው ቤታችን መጡ። ሽሮዬን እያመሰገኑ "ሣህሉ ወንድሜ፣ ደብተሩን ስጠኝ፣ በእንግሊዝኛ አሳምሬ ለበላይ ላቅርብልህ" አሉት። ለሰው እንዲህ የሚደክም አይተሽ ታውቂያለሽ? ፋብሪካው ውስጥ ኤታኖል የማጣራት ሙያ ስላላቸው ጽሑፉንም አጣሩት… የባሌ ስም አተላ ሆኖ ቀረ። ወላሂ፣ ጥርት ብሎ ነው የወጣው!

"ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው" ይላሉ አይደል? የድሮ ሰው አልጨረሰውም፤ ሽልማት ለአንባቢው። መድረክ ወጥተው አነበቡ፣ ተጨበጨበላቸው። እሳት አመድ ሲወልድ ሰምተናል፤ አመዱ "እሳቱን የወለድኩት እኔ ነኝ" ሲል ግን… እድሜ ሰጥቶን ሰማን።

ሣህሉ "የእኔስ ስም?" ብሎ ጠየቃቸው። "ቤተሰብ አይደለን? በቤተሰብ መሐል ስም ምን ያደርጋል!" አሉት። በሳምንቱ በሩ ላይ አቆሙት። ነፋስ እንዲያገኝ ነዋ!

ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው "እስቲ ፈጠራዎን ያሳዩን" አሏቸው። ትሕትናቸውን ብታዪ! የገዛ ፈጠራቸውን መንካት አፈሩ። አንዲት እንግዳ "ጭሱን ወደ ማድረቂያው የሚመልሰው የቱ ነው?" ብትላቸው አንዱን እጀታ ሳቡ… ጭሱ ተገልብጦ እንግዶቹ ላይ! ነጭ ሸሚዛቸው ከሰል መሰለ። ከዚያ በሳል መሐል "ጥበቃውን ጥሩልኝ!" አሉ።

ሣህሉ ዱላውን እንደያዘ ገባ። አንዱን ዘጋ፣ ሌላውን ከፈተ፣ ጭሱ ታዞ ሄደ። ሴትዮዋ "አንተ ማን ነህ?" ስትለው "ጥበቃ ነኝ" ብሏት ወጣ።

ቤት ሲመጣ ጮህኩበት። "አፍ የለህም? ለምን አልነገርካትም?" አልኩት። "ማዘንጊያ፣ እሳቱን ብታዪው… እንዴት ደስ ብሎት እየነደደ ነበር" አለኝ። ፊቱን አዞረብኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እሳት ያላስለቀሰው ሰውዬ፣ ሰገል…

ሹመቱ አልቀረም፣ መጣ። ይሄው እየበላነው አይደል? አሁን ደግሞ ሌላ ፋብሪካ ሄደው እንዲሁ ቦይለሩን ያስተካክላሉ ተብሏል። ብቻቸውን። ደብተሩ አልቋል፣ ሣህሉም በሩን ትቶ አይሄድ…

ውይ፣ መጡ! ተነሺ፣ ተነሺ።

እንኳን ደስ አለዎት ጌታዬ! ሹመት ያዳብር! አይ፣ ሙቀቱን እያወራን ነው። በሄዱበት ይቅናዎት። አምላክ በአዲሱ ቦታ ብቻዎን አይተውዎት፤ የሚያምኑት፣ ቤትዎ ገብቶ የሚበላ፣ በሁሉ ነገር ልክ እርስዎን የመሰለ ምክትል ይስጥዎት… አሜን ይበሉ እንጂ!