አልከፈት ያለው የአባዬ ፎቶ

ሚኒባሱ ከመካኒሳ ወደ ሀና ማርያም ሲነሳ ገና አልሞላም ነበር፤ ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ መጨረሻ ወንበር ላይ ጎመን የያዙ ሴትዮ፣ ከእሳቸው ፊት ጥቁር የለበሱ እናትና ላፕቶፕ ጭኑ ላይ የከፈተ ልጃቸው፣ ከእነሱ ፊት ደግሞ እኔ ነበርን።

«አሁንስ?» አሉት እናቱ።

«እምቢ አለ፣ እማዬ። ለአባዬ መታሰቢያ ኢንተርኔት ላይ በከፈትኩት ገጽ ጽሑፉ ይወጣል፤ ፎቶዎቹ ግን አይከፈቱም።»

«አርባው እኮ ነገ ነው! መምጣት ያልቻለው ዘመድ በምን ሊያየው ነው?»

«ገጹ የተቀመጠበት ሰርቨር ላይ፣ ገጹን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ አዲሱን ፒኤችፒ ካስገባሁ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው። ፎቶ አሳንሶ የሚያሳየውን ሞጁል ሦስት ጊዜ ጫንኩት። ‹ተጭኗል› ይለኛል፤ ገጹ ግን ‹የለም› ይላል።»

«አሮጌውስ የት ሄደ?»

«እዚያው አለ፤ አላጠፋሁትም።»

«እንግዲያው አባትህን ሆነሃል። ከነፋስ ስልክ ሀና ማርያም የገባን ሰሞን፣ ሳምንት ሙሉ ከሥራ ሲመለስ ዳቦውን ይዞ አሮጌውን ቤት ሲያንኳኳ ነበር።»

ልጁ ሳቀ። ከዚያ ጥቂት ሲጽፍ ተሰማኝ።

«እማዬ፣ እውነትሽን ነው። ሞጁሉን አሮጌው ፒኤችፒ ላይ ነው ስጭን የከረምኩት።»

«በል አዲሱ ቤት አስገባዋ!»

«አስገባሁት። ቆይ፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ ይነሳ... ይኸው፣ መጣ።»

«ውይ፣ የኔ ጌታ።»

«ልዝጋው፣ እማዬ? ባትሪው እያለቀ ነው።»

«አትዝጋው። ቤት እስክንደርስ ክፍት ይሁን።»

መጨረሻ ወንበር የነበሩት ሴትዮ ይህን ካነበቡ፣ አባትየው ፎቶው ላይ ይስቁ እንደሆነ ይጨምሩልኝ፤ እኔ መውረጃዬ አልፎኝ እንኳ ወደ ኋላ መዞር አልደፈርኩም።